መድኃኒቱንም አልጣልሁም፣ ጥያቄዬንም

ታምሞ የዳነ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ብዙ ጊዜ «ዝም ብዬ ቻልሁት» ይላል። እኔ ዝም አላልሁም። ዓመት ከመንፈቅ የታመምሁት እየጠየቅሁ፣ እየተከራከርሁ፣ አንዳንዴም ከሰማዩም ከምድሩም እየተጣላሁ ነው። ይህን የምጽፈው ጀርባውን ይዞ ከክሊኒክ ክሊኒክ ለሚንከራተት ሰው ነው። በተለይ ደግሞ አልጋው አጠገብ ቆመው «ለምን አትበል፤ ኃጢአት ይሆንብሃል» ለሚሉት ሰው ነው። አይሆንብህም። በል።

ስሜ አትጠገብ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሕመሙ የጀመረኝ በጥቅምት ነው። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከትከሻዬ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አከርካሪዬ ላይ፣ አንድ ሰው በአውራ ጣቱ የሚጫነኝ ይመስለኝ ነበር። ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም። ቀን ሙሉ ቆሞ የሚውል መምህር ጀርባውን ቢያመው ምን ይገርማል? ኅዳር ላይ ግን ወደ ማታ ወደ ማታ ትኩሳት ቢጤ ይሰማኝ ጀመር፤ ጠዋት ስነሣ ልብሴ በላብ ርሶ ይገኛል። በደብረ ማርቆስ የኅዳር ውርጭ የሚያልበው ሰው ጤነኛ እንዳልሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ቀሚሴም ሰፋኝ። ባልደረቦቼ «ቀጠንሽ፣ አማረብሽ» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ሞኝ ነበርሁ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ «ኩላሊትሽ ነው» ብሎ የአሥር ቀን ክኒን ሰጠኝ። ሁለተኛው ደም ወስዶ «ታይፎይድና ታይፈስ» አለ። በእኛ አገር ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ ታይፎይድና ታይፈስ አያጣም። ሦስተኛው «ዲስክ ነው፤ ዕቃ አታንሺ» ብሎ መርፌ አዘዘልኝ። መርፌው ሦስት ቀን ስላስታገሠልኝ «አገኙልኝ» እያልሁ ለሰው ሁሉ አወራሁ። በአራተኛው ቀን ሕመሙ ብሶበት ተመለሰ። አንዳቸውም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ ለኩላሊቱ ሐኪም ላቡን አልነገርሁትም፣ ለታይፎይዱ ሐኪም ጀርባዬን አላነሣሁበትም፣ መክሳቴንማ ለማንም አልተናገርሁም። ሕመሜን ቆራርጬ ለሦስት ሰው ስላከፋፈልሁት ሙሉውን ያየ አልነበረም።

በዚያ ወራት መቆም ሲያቅተኝ ወንበሬን ከክፍል ክፍል እየተሸከመ ያደረሰልኝ ሰሎሞን ነው። ሰሎሞን የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣ። ያደገው በፕሮቴስታንት ቤተሰብ ውስጥ ሲሆን፣ እሱ እንደሚለው እምነቱን ዩኒቨርሲቲ ረስቶት ወጥቷል። አራት ዓመት ሙሉ በሻይ ሰዓት ስለ እግዚአብሔር መኖር ስንከራከር የሰማን ሰው ደመኞች እንመስለው ነበር። «አንቺ የፊዚክስ መምህር ሆነሽ እንዴት ታምኛለሽ?» ይለኛል። «አንተ የባዮሎጂ መምህር ሆነህ እንዴት አታምንም?» እለዋለሁ። ክርክራችን እስከዚያ ድረስ ጨዋታ ነበር። ምንም አያስከፍለንም።

የካቲት ላይ አንድ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከባጃጅ ስወርድ ግራ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። አልተደናቀፍሁም፣ አላዳለጠኝም፤ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነ። ኮብልስቶኑ ላይ በጉልበቴ ወደቅሁ። ለመነሣት ስሞክር ቀኙም ከዳኝ። ሰሎሞን ሮጦ መጥቶ እዚያው ባጃጅ ውስጥ መልሶ አስገባኝና ወደ ሆስፒታል ወሰደኝ።

እዚያ ያገኘችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ከዓይኗ ሥር እንቅልፍ ያጣ ሰው ጥቁረት ነበረባት፤ ደጅ ላይ የሚጠብቃት ሰው ብዛት ደግሞ ለጉድ ነው። እንዲያም ሆኖ ብዕሯን አስቀመጠችና «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለችኝ። ጀርባዬን ነገርኋት። «ሌላስ?» አለች። ትኩሳቱን ነገርኋት። «ሌላስ?» ላቡን። «ሌላስ?» መክሳቴን። አራት ጊዜ «ሌላስ?» ያለችኝን ያህል በዚያ ዓመት ያጽናናኝ ቃል አልነበረም። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገች፤ አከርካሪዬን በጣቷ እየቆጠረች ወረደችና አንድ ቦታ ላይ ስትጫነኝ ጮህሁ። «ባሕር ዳር ኤም አር አይ ትነሻለሽ» አለችኝ። ሥጋ ሳይከፍት ውስጥን ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ማሽን ነው። «ዛሬ ሂጂ። ነገ አትበይ።»

ባለቤቴ ይበልጣል ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው። ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዶ፣ የሚኒባሱን የኋላ ወንበር ለብቻችን ይዞ፣ ጭንቅላቴን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ባሕር ዳር አደረሰኝ።

የምርመራው ክፍል በር ላይ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ። የሚመጣው ሰው ሁሉ መጀመሪያ «መጨረሻ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ እጁን አንሥቶ «ከእኔ በኋላ ነዎት» ይለዋል። እሱም ከሌላ ሰው በኋላ ነው፤ ያም ከሌላ። አግዳሚው ላይ ተጋድሜ ግማሽ ቀን ስጠብቅ ይህን አሰብሁ። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ከሌላ ሰው በኋላ ቢሆን፣ አንደኛ የሚባል ባይኖር፣ ማን ይገባ ነበር? ማንም። ሰልፉ ማለቂያ ባይኖረው እንኳ አንድም ሰው በሩን አያልፍም፤ ሁሉም የሚቀድመውን ይጠብቃላ! በሩ ግን እየተከፈተ ነው፤ ሰውም እየገባ ነው። እንግዲያ ማንንም የማይጠብቅ አንደኛ አለ ማለት ነው። ዓለምም እንዲሁ ናት። እኔ የመጣሁት ከወላጆቼ ነው፤ እነሱ ከወላጆቻቸው፤ ምድር ከሌላ ነገር፣ ያም ነገር ከሌላ። ሁሉም «ከሌላው በኋላ ነኝ» ይላል። ግን ይኸው አለን። ሰልፉ ተንቀሳቅሷል። በማንም ላይ ሳይደገፍ በራሱ ያለ አንድ ከሌለ እኛም ባልኖርን ነበር።

«ይበልጣል፣ ጻፍልኝ» አልሁት።

«ምኑን?»

ነገርሁት። የቀጠሮ ካርዴ ጀርባ ላይ በዚያ በመዝገብ ቤት ጽሕፈቱ ቁልጭ አድርጎ ጻፈው። እግሬ ሊሞት ምንም ባልቀረው ሰዓት ይህን ማሰቤ እብደት ይመስል ይሆናል። ለእኔ ግን በሽታው ያልደረሰበት አንድ ክፍል በውስጤ እንዳለ ማረጋገጫ ነበር።

ምስሉ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች ተበልተው፣ ያበጠው ነገር ነርቬን ሲጫን አሳየ። «ወይ ዕጢ ነው ወይ ኢንፌክሽን» አሉን። በረጅም መርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ ቤቴ ገብቼ ሳልነሣ እንድተኛ ነገሩኝ።

እነዚያን ሦስት ሳምንታት ልታስታምመኝ ታላቅ እኅቴ ከምትኖርበት ከቁይ ከተማ መጣች። እታለም እላታለሁ። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ አጥባኝ፣ አብልታኝ፣ አስተምራኝ። እንደ ሕፃን ስታገላብጠኝ ክንዷ አይዝልም፤ ብቻ ያ ሳል ሳል የሚያደርጋት ነገሯ አብሯት አለ። አፏ ግን አላዘነልኝም።

«ከዚያ ከሃዲ ጋር በእግዜር ስትቀልጂ ሰምቻለሁ» አለችኝ አንድ ቀን፣ እግሬን በሞቀ ውኃ እያጠበች። «እግዜር ይከራከሩበታል? ይኸው ቀጣሽ።»

«ሰሎሞን አያምንም፤ እኔ አምናለሁ። ታዲያ ለምን እሱን ትቶ እኔን ቀጣ?»

«ይኸው! ዛሬም ለምን ትያለሽ!»

ይበልጣል ሌላው ክፍል ውስጥ ሆኖ ይሰማል። ማታ «እባክዎን ይተዋት» ብሎ ለመናት፤ እሷም «በእኔና በእኅቴ መካከል አትግባ» አለችው፤ ለሦስት ቀን ሳይነጋገሩ ቆዩ። ቤቱ ታመመ። እኔ ደግሞ ጨለማው ሲበረታ እግሮቼን በእጄ እየዳሰስሁ «መሞታቸው ነው» እላለሁ። የሚያስፈራኝ ግን መሞት ብቻ አልነበረም። እታለም ልክ ብትሆንስ? ያ ጥያቄ ከሕመሙ በላይ ያቃጥለኝ ነበር። የሚጠይቀውን የሚያሽመደምድ አምላክ ከሆነ የማምነው፣ እግሬ ቢድንም ተንበርክኬ የምሰግድለት አይመስለኝም ነበር። ይህን ዛሬም አላፍርበትም።

እታለም በመጨረሻ የእናታችንን ወንድም ከደብረ ኤልያስ አስጠራችው። የኔታ አድማሱ የቅኔ መምህር ነው፤ የሥጋ አጎታችን ቢሆንም እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» ነው የምንለው። መቋሚያውን በር ላይ አስደግፎ ገባ። በአጋጣሚ ሰሎሞንም ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር።

«የኔታ፣ ይምከሩልኝ» አለች እታለም። «እግዜርን ለምን እያለች ነው።»

የኔታ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። «ለምን ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ያወጣሁት በለምን ነው። ለምን የማይል ተማሪ ቢመጣብኝ ወደ አባቱ እመልሰው ነበር።»

እታለም ክው አለች። እኔ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። በዚያው ድፍረት የሰልፉን ነገር አንሥቼ ለሰሎሞን ነገርሁት። ሰሎሞን አገጩን ይዞ ሰማኝ።

«ይሁን፤ አንደኛ አለ እንበል» አለ። «ግን አንደኛው ደግ መሆኑን በምን አወቅሽ?» ወደ የኔታ ዞረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የኔታ። እኔ አላምንም።»

«እኔን ምን በደልኸኝ? ይልቅ ለምን እንደማታምን ንገረኝ።»

ሰሎሞን በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «ይችን ሴት ይዩዋት።»

የኔታ አየኝ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ጥሩ ምክንያት ነው» አለ። «ከሰማሁት ሁሉ ጥሩው ይህ ነው።» ቀጥሎም «የደረሰባት ነገር ክፉ ነው ትላለህ?» ሲል ጠየቀው።

«ክፉ ነው እንጂ!»

«ለማን?»

«ለሷ ነዋ።»

«ለበሽታውስ?»

ሰሎሞን የባዮሎጂ መምህር ነውና እውነቱን ተናገረ። «ለበሽታውማ ሠርግ ነው።»

«እንግዲያ የሠርገኛውን ወገን ትተህ የሷን ወገን የያዝኸው በምን ሕግ ነው?»

«ሰው ስለሆንሁ።»

«ጅብም ለጅብ ያደላል። አንተ ግን አደላሁላት አላልህም፤ ክፉ ነው አልህ። ለአንተም፣ ለእኔም፣ ሰውን ለሚጠላ ሰውም ክፉ ነው አልህ። ከሁላችን በላይ ያለ ሚዛን ካልያዝህ ይህን ማለት አትችልም።»

ሰሎሞን ግን አልተሸነፈም። «ሚዛን አለ ማለት ዳኛ አለ ማለት አይደለም» አለ።

እስከዚያ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ይበልጣል ጉሮሮውን ጠረገ። «ዳኛ በሌለበት ሕጉ ወረቀት ነው» አለ። «እኔ ጋ የሚመጣ አቤቱታ ሁሉ ሰሚ አለ ብሎ የመጣ ነው።»

«ሰሚ ካለ ለምን አይፈርድም?»

«ቀጠሮ ስለረዘመ ዳኛ የለም አይባልም» አለ ይበልጣል፤ ይህን የሚያውቅ ካለ እሱ ነው።

«የሚሞት ሰው ቀጠሮ አይጠብቅም» አለ ሰሎሞን። ድምፁ ተሰበረ። ያኔ ነው እንደሚወደኝ ያወቅሁት፤ እንደ እኅት።

ሁላችንም ወደ የኔታ ዞርን። አጎቴ ነጠላውን አስተካከለ። «ለዚህ መልስ የለኝም» አለ። «መልስ አለኝ የሚል ካህን ቢመጣብሽ፣ አትጠገብ፣ በር አትክፈቺለት። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። እኔ የማመልከው ዳኛ ከወንበሩ ወርዶ ተከሳሽ ሆኖ ቆሟል። በሐሰት ተመስክሮበታል፣ ተፈርዶበታል፣ ተገርፏል፣ ለምን ብሎም ጮኋል። ከሩቅ ሆኖ ታገሡ የሚል ቢሆን ኖሮ እኔም ከዚህ ልጅ ጋር እቆም ነበር።»

እታለም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ሰሎሞንም ብዙ ሳይቆይ ተሰናበተ፤ አልተለወጠም፤ ግን የኔታን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው።

ብቻችንን ስንቀር «የኔታ፣ ሕመሙ ሲበረታብኝ አቤት እያልሁ እጮሃለሁ» አልሁት። «ማን እንደሚሰማኝ ግን አላውቅም።»

«አቤት የሚባለው መቼ ነው?»

«ሲበደሉ።»

«ሌላስ?»

አሰብሁ። «ሲጠሩ።»

«በይ እንግዲህ። አንቺ ስትጮኺ የምትከሺ ይመስልሻል። ምናልባት ስትጠሪ እየመለስሽ ይሆናል።»

«ይህ ማስረጃ አይደለም፣ የኔታ። ቅኔ ነው።»

ሳቀ። «ማስረጃውንማ ቅድም ተነጋገርን። ይህ ለመንገድሽ ነው» አለና መቋሚያውን አንሥቶ ሄደ።

ውጤቱ በመጋቢት መጣ። ይበልጣል ባሕር ዳር ሄዶ ሲቀበል የነገረው ሰው «ነቀርሳ ነው» ብሎት፣ ካንሰር መስሎት ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ። ሰውዬው «ኧረ ቲቢ ነው! የአጥንት ቲቢ! የሚድን ነው!» ብሎ ክንዱን ይዞ አነሣው። ስልክ ደውሎ ሲነግረኝ ቲቢ የሚለውን ቃል እንደ ምሥራች ሰማሁት። ሳንባን ብቻ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አጥንትም ይበላል። ያቺ ሐኪም መድኃኒቱ በነፃ እንደሚሰጥ፣ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ እንደሚዋጥ፣ አንድ ቀን መዝለል እንደማይቻል አስረዳችኝ። «ሽንትሽ ቀይ ይሆናል፤ አትደንግጪ፤ የክኒኑ ቀለም ነው» አለችኝ። ብትነግረኝም ደነገጥሁ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ከሁሉ በላይ እንዲነበብልኝ የምፈልገው ነው። መድኃኒቱን በጀመርሁ በሦስተኛው ሳምንት እታለም «ጸበል ልውሰድሽ» አለችኝ። እሺ አልሁ። እኔ ጸበል አምናለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ተጠምቄበታለሁ። ከከተማው ወጣ ያለ ቦታ ነው። ይበልጣልና ሁለት ጎረቤቶች በቃሬዛ አደረሱኝ። እዚያ ራሱን አጥማቂ ያደረገ አንድ ሰው ነበር፤ ካህን አይደለም። ከምንጩ አጠገብ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ «መድኃኒት ይዘሻል? መድኃኒት ይዘሃል?» ይላል። የያዘው ሰው አጥሩ ሥር ይጥላል። አየሁት፤ የክኒን ከረጢት ተከምሯል። ቀይ ቀዩን ክኒን ከሩቅ ለየሁት፤ የእኔው ዓይነት ነው።

«ጣይ» አለኝ።

«አልጥልም።»

እታለም «አትጠገብ፣ ተይ» አለች በጆሮዬ።

«በሁለት ልብ የመጣ አይድንም» አለ ሰውየው ለሕዝቡ ጮክ ብሎ። «ወይ ጸበሉን ወይ ክኒኑን!»

ቃሬዛው ላይ በክርኔ ተደግፌ ቀና አልሁ። ጀርባዬ እንደ እሳት ነደደ። «ልጠይቅዎ» አልሁት። «ይህን ውኃ የፈጠረው ማነው?»

«እግዚአብሔር ነዋ!»

«ክኒኑ የተሠራበትን ነገርስ? የሠራውን ሰው አእምሮስ?»

ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ።

«አንድ ፈጣሪ ነው ካሉኝ አንዱን በሌላው ላይ ያጣሉት እርስዎ ነዎት። ሁለት ፈጣሪ ነው ካሉኝ ደግሞ እኔ ያደግሁበት ሃይማኖት ይህ አይደለም።»

«የክርክር ጋኔን ነው የያዘሽ!»

«ምክንያት ሲያጡ ነው ጋኔን የሚሉት። አእምሮን የሰጠኝ እሱ ነው፤ አውልቄ በር ላይ ጥዬ እንድገባለት አልጠየቀኝም።»

ከነጠላዬ ጫፍ የቋጠርሁትን የዕለት ክኒኔን ፈታሁ። ይበልጣል ጸበሉን በጣሳ ቀዳልኝ። ሁሉም እያየኝ አማተብሁና ክኒኑን በጸበሉ ዋጥሁት። ሰው አጉረመረመ። ከወዲያ አንዲት ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ወደ አጥሩ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ ከረጢቶቹን እያገላበጠች የራሷን ፈለገች፤ አገኘችና ብብቷ ውስጥ ከተተችው። ማንንም ቀና ብላ አላየችም። ያቺን ሴት በኋላ ጤና ጣቢያው ውስጥ መድኃኒት ስትወስድ ደጋግሜ አግኝቻታለሁ። እንዴት እንደሆነች ስጠይቃት «አለሁ» አለችኝ። በዚያ ዓመት ካሸነፍኋቸው ክርክሮች ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው።

እታለም በማግስቱ ተቆጥታ ወደ ቁይ ተመለሰች። ያንን ቀን አለቀስሁ። ሰው በእውነቱ ላይ ሲቆም ሁልጊዜ የሚወደውን ሁሉ ይዞ አይቆምም።

መዳን እንደ መውደቅ ፈጣን አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ የሚለወጥ ነገር ያለ አልመሰለኝም፤ ክኒኑ ያቅለሸልሸኛል፣ የጀርባ መደገፊያው ጎኔን ይልጠኛል። ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። ይበልጣልን ጠርቼ ሁለታችንም እያየን ደጋግሜ አንቀሳቀስሁት። በነሐሴ ግድግዳ ይዤ ቆምሁ። መስከረም ላይ በከዘራ ትምህርት ቤት ገባሁ። ሰሎሞን ቢሯችን ውስጥ ሲያየኝ ተነሥቶ እያጨበጨበ «ፊዚክስ አሸነፈ!» አለ። «ባዮሎጂ ነው ያሸነፈው፤ የአንተ ጀርም ሞተ» አልሁት። እስከ ዛሬ አያምንም፤ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ግን አሁን ሲከራከር ይጠነቀቃል፤ እኔም እጠነቀቃለሁ። ሁለታችንም ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑን አይተናል።

እግሬ ስለዳነ እግዚአብሔር መኖሩ ተረጋገጠ አልልም። እንዲህ የሚል ሰው እግሩ ሳይድን የቀረውን ሰው ይበድለዋል። ባሕር ዳር ከእኔ ጋር ናሙና ሰጥታ ውጤት ስትጠብቅ የነበረች ሴት ዕጢ ሆኖባት ሞታለች፤ ከእኔ ይልቅ የምትጸልይ ነበረች። ምክንያቶቼ የቆሙት እግሬ ሙት በነበረ ጊዜ ነው፤ ለዚህ ነው ዛሬም የማምናቸው።

ጥር ላይ ከዘራዬን ይዤ ቁይ ሄድሁ። እታለም በር ላይ ስታየኝ እልል አለችና እልልታዋ መሃል ላይ በሳል ተቋረጠ። ከሳታለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አይቆምም። «ብርድ ነው» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ይመጣል፣ ይሄዳል። ካቻምናም ነበረብኝ።»

«ማታ ያልብሻል?»

ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት፤ መንገዱን ሙሉ ስትቆጣኝ ነበር። አክታዋን መርምረው የሳንባ ቲቢ አገኙባት። ነርሷ ስለ እኔ ስትሰማ «የአጥንቱ በትንፋሽ አይተላለፍም፤ የሳንባው ግን ይተላለፋል» አለች፤ ሌላ ነገር ለማለት ፈልጋ አልነበረም። እታለም ግን ሞኝ አይደለችም። ዓመታቱን በልቧ ስትቆጥር ፊቷ ላይ አየሁት።

«እንግዲያ እኔ ነኛ» አለች። «ቅጣት ነው እያልሁሽ... እኔ ነኛ ያስያዝሁሽ።»

ያን ጊዜ ልናገረው የምችለው ነገር ብዙ ነበር። በአንድ ቃል ልጥላት እችል ነበር። እጇን ያዝሁት፤ ያሳደገኝ እጅ ነው።

«ከአንቺ መሆኑን ማንም አያውቅም» አልኋት። «ቢሆንም አንቺ አይደለሽም። ጀርም ነው። እኔን የቀጣኝ የለም፤ አንቺንም የሚቀጣሽ የለም። ይህን ነው ዓመቱን ሙሉ ስከራከር የነበረው።»

ብዙ አለቀሰች። ነርሷ ጠበቀቻትና ክኒኖቹን መዳፏ ላይ ቆጠረችላት። «ስድስት ወር፣ በየቀኑ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ። አንድም ቀን እንዳይዘሉ።»

እታለም በእንባዋ መሃል ቅንድቧን ሰቀለች። «በየቀኑ? እኔ እኮ እግዜርን እንኳ በየቀኑ አላስቸግረውም።»

«ከዛሬ ጀምሪ» አልኋት። «ሁለቱንም።»